ስድስት ክር፣ ስድስት ብሎን፦ የክራር ማግኔታዊ ፒክአፕ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 20

እዚህ ደሴ ውስጥ በሠርግና በባህል ምሽት የሚጫወቱ አንድ አንጋፋ ክራር መቺ አሉ። ክራራቸው ቆዳው ላይ የተለጠፈች ትንሽ የንዝረት መቀበያ አለችው። ድምፁ ከፍ ሲደረግ ማፏጨት ይጀምራል። ምክንያቱ የተወጠረው ቆዳ ነው፤ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ ተቀብሎ ይንቀጠቀጣል፣ መቀበያዋ ያንኑ መልሳ ለአምፕሊፋየሩ ትሰጣለች፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ አጉልቶ ይመልሰዋል። ማግኔታዊ ፒክአፕ፣ የክርን ንዝረት በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መቀበያ፣ በዚህ ረገድ ሌላ ዓይነት ነው። ቆዳ መንቀጥቀጡን አያውቅም፤ የሚያውቀው የብረት ክርን ብቻ ነው። ስለዚህ ከጊታር የተማርኩትን ወደ ክራር ላሻግር ተነሥቻለሁ።

የኤሌክትሪክ ክራር እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ተዘጋጅቶ የተሸጠ የጊታር ፒክአፕ ክራር ላይ ሲገጠም የዋልታ ብረቶቹ፣ ከየክሩ ሥር የሚቆሙት፣ ከክሮቹ ጋር አይገጣጠሙም። የጊታሩ ብረቶች በእኩል ርቀት የቆሙ ናቸው፤ የክራር ክሮች ደግሞ ከታች ተጠጋግተው ተነሥተው ወደ ቀንበሩ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ይህ ለምን ያን ያህል እንደሚያሳስበኝ ልጻፍ። ጊታር ላይ አንድ ክር በጣት እየተያዘ ብዙ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዷ ክር ብትደክም ተጫዋቹ ያንኑ ድምፅ ከጎረቤቷ ያገኘዋል። ክራር ላይ ግን አንድ ክር አንድ ድምፅ ነው። አንዷ ከደከመች ከቅኝቱ አንድ ድምፅ ደከመ ማለት ነው። በአምባሰል አገር ተቀምጦ የአምባሰልን ቅኝት አጉድሎ የሚያሰማ መሣሪያ መሥራት አልፈልግም።

ጥቅምት 22

ከሥራው በፊት የሞተ የጊታር ፒክአፕ ከፈትኩ። ርካሽ ከሚባሉት ነው። ከላይ ስድስት ክብ ብረቶች ይታያሉ፤ ብዙ ሰው ማግኔቶቹ እነርሱ ይመስሉታል። ገልብጬ ሳየው ከሥራቸው የተጣበቀ ጥቁር ጠፍጣፋ ማግኔት አለ፤ ብረቶቹ የእርሱን ጉልበት ወደ ላይ ተሸክመው የሚያደርሱ ናቸው። ጥቁሩ ማግኔት ፌራይት ነው፣ ሴራሚክ የሚሉት።

አሠራሩ በሁለት ቤተሰብ ይከፈላል። በአንደኛው ከክሩ ሥር የቆመው ዘንግ ራሱ ማግኔት ነው። በ1954 የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር እንዲህ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፤ ዘንጎቹ አልኒኮ ናቸው፣ ማለትም ከብረት ጋር የተዋሐዱ አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት። በሁለተኛው ማግኔቱ ከታች ተኝቶ፣ ለስላሳ ብረት ወይም ብሎን ኃይሉን ወደ ክሩ ያደርሳል። ጊብሰን በ1946 ያወጣው ፒ-90 ከዚህ ወገን ነው፤ ሁለት ጠፍጣፋ ማግኔቶች ከታች፣ በመካከላቸው የሚያልፉ ስድስት ብሎኖች። ከሁለቱም በፊት፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ጆርጅ ቦሻምፕ የሠራው የሪከንባከር ፒክአፕ ክሮቹን በሁለት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባላቸው ማግኔቶች መካከል ያሳልፍ ነበር።

እኔ የፒ-90ን መንገድ መርጫለሁ። ብሎን ይዞራልና። ከፍና ዝቅ ሊል የማይችል ዘንግ ክራር ላይ ምን ይረባኛል?

ጥቅምት 25

ማግኔት ፍለጋ ወጣሁ። አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግን ወዳጄ ሁለት የተቀደዱ ስፒከሮች ሰጠኝ። የአንዱ ማግኔት አልኒኮ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ) ኮባልት ዋጋው ሰማይ እስኪነካ ድረስ ብዙ ስፒከር ከእርሱ ይሠራ ነበር። ሌላው የፌራይት ቀለበት ነው። ቀለበቱን ቆርጦ ጠፍጣፋ ማድረግ አስቸጋሪ ነው፤ ፌራይት እንደ ብረት አይሞረድም፣ ይሰነጠቃል።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነው፤ የቁም ሣጥን በር የሚይዘው ማግኔት። ፕላስቲኩን ስከፍተው ከጣት አንጓ ትንሽ የሚረዝም የፌራይት ጡብ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ስስ የብረት ሳህኖች። የፒክአፕን ምሥጢር የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላየሁም። ጡቡን ብቻውን ለብሎን ሳስጠጋው በጠፍጣፋ ገጹ ይስባል፣ በጠርዙ ግን ይለግማል። ሁለቱን ሳህኖች መልሼ ሳደርግለት የሳህኖቹ ጠርዝ ብሎኑን ነጥቆ ይይዛል። ማግኔቱ አልተለወጠም፤ ኃይሉ በአየር ከመበተን ይልቅ በብረቱ ውስጥ ተሰብስቦ በጠባብ ጠርዝ መውጣቱ ነው። አንደኛው ሳህን ሰሜን ዋልታ፣ ሌላው ደቡብ ዋልታ ሆኗል። የዋልታ ብረት ሥራው ይኸው ነው፤ ማግኔቱን ካለበት ቦታ አንሥቶ እኛ ወደምንፈልገው ቦታ ማድረስ።

ከቶርኖ ቤት ያመጣሁትን የብረት ብናኝ ወረቀት ላይ ነስንሼ ከሥር ጡቡን አደረግኩ። ብናኙ በሰፊው ተንጣለለ። በጡቡ ላይ አንድ ብሎን አቁሜ ደገምኩት። ከብሎኑ ጫፍ በላይ ብናኙ እንደ ጃርት እሾህ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ዙሪያው ግን ሳሳ። ክሩ የሚያልፈው በዚያ በቆመው ላይ ነው።

ጥቅምት 26

ብሎን ምርጫ። መደብሩ ውስጥ የሚያብረቀርቁት አንዳንዶቹ ማግኔት የማይነካቸው የማይዝግ ብረት ናቸው፤ የነሐሶቹም እንዲሁ። ኪሴ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይዤ አንድ በአንድ ፈተንኩ። ባለ 3 ሚሊሜትር ተራ ብሎን ወሰድኩ።

ጥቅምት 29

ክሮቹ። የናይለን ክር ከማግኔት ፊት የለም ማለት ነው፤ ጅማትም እንዲሁ። የአኩስቲክ ጊታር ወፍራም ክር ደግሞ ላዩ ነሐስ ነው፤ ፒክአፑ የሚሰማው ውስጡን ያለውን ቀጭን ብረት ብቻ ስለሆነ ድምፁ ይመነምናል። ለኤሌክትሪክ ጊታር የተሠሩትን ወሰድን፤ አምስቱ ልሙጥ ብረት፣ ከ0.25 እስከ 0.43 ሚሊሜትር፤ አንዷ ወፍራም፣ ኒኬል የተቀባ ብረት የተጠመጠመባት።

ባለ ክራሩ ጅማትን በብረት መለወጥ አልከበዳቸውም፤ ድሮም በሽቦ ይጫወቱ ነበር። ያስጨነቃቸው ሌላ ነው፦ «ልጄ፣ ግራ እጄን እንዳትዘጋብኝ።» እውነት አላቸው። የግራ ጣቶች ከክሮቹ ጀርባ ናቸው፤ በግርፍ ጊዜ፣ ክሮቹ በአንድነት ሲመቱ፣ መሰማት የሌለባቸውን ክሮች የሚያፍኑት እነርሱ ናቸው። ፒክአፑ ከዚያ በታች፣ ሁለቱ ቋሚዎች ወደ ገበቴው ከሚገቡበት አጠገብ፣ ከቆዳው በላይ መቀመጥ አለበት። ቆዳውን ሳይነካ ከቋሚ ወደ ቋሚ የተዘረጋ ቀጭን እንጨት ይሸከመዋል።

ቦታው ከክሩ ርዝመት አንድ አራተኛ ግድም ላይ ይውላል። ልክ አንድ አራተኛው ላይ ክሩ በአራት ተከፍሎ የሚንቀጠቀጥበት ድምፅ እረፍት ነጥቡ ስለሆነ ፒክአፑ አይሰማውም። ስለዚህ ጥቂት ወደ ድልድዩ አስጠጋሁት። ወደ ድልድዩ በቀረበ ቁጥር ድምፁ እየጠራና እየሾለ፣ በራቀ ቁጥር እየከበደና እየለሰለሰ ይሄዳል።

ኅዳር 2

ማጠንጠኛው፣ ሽቦው የሚጠመጠምበት። ክሮቹ ሥር ጠባብ ወረቀት አስገብቼ የስድስቱንም ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤ ከክር ወደ ክር 8 ሚሊሜትር ግድም ነው፣ ግን እኩል አይደለም። ወረቀቱን ፎርማይካ ላይ ለጥፌ በትራፓኖ በሳሁት። ላይና ታች ሁለት ፎርማይካ፣ በመካከላቸው 10 ሚሊሜትር ክፍተት፣ ስድስት ብሎን። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ አሸሁት፤ ቀጭን ሽቦ ሹል ጠርዝ ላይ አይምርም።

ኅዳር 5 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ማታዎች

ሽቦው 0.063 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በቫርኒሽ የተለበጠ መዳብ ነው፤ ብዙዎቹ የጊታር ፒክአፖች የሚጠመጠሙበት። የሞተር ጠምጣሚዎች ዘንድ ያለው ለዚህ ሥራ እጅግ ወፍራም ነው፤ ከአዲስ አበባ ተልኮልኝ ነው። በብርሃን ካልያዙት አይታይም።

የሚጠመጥመው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ማጠንጠኛውን ከመዘውሩ ጋር አሰርኩት። ዙር የሚቆጥረው ካልኩሌተር ነው። መዘውሩ ላይ ትንሽ ማግኔት ተለጥፏል፤ ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር በመስታወት ውስጥ ያሉ ሁለት የብረት ምላሶች ይገናኙና የእኩል ምልክቱን ቁልፍ ይዘጋሉ። አንድ ሲደመር አንድ ተብሎ ተጀምሮ ካልኩሌተሩ ራሱ ይደምራል። መዘውሩን በጣም ካላፈጠኑት ስህተት የለውም።

ሽቦውን በሁለት ጣት መካከል ለስላሳ ጨርቅ አድርጌ ነው የምመራው። ጠበቅ ሲል ይበጠሳል፤ ላላ ሲል ኮይሉ፣ የሽቦው ጥቅል፣ ያብጣል። ጣት ራሱ ልኩን ያውቃል።

ኅዳር 11

7,000 ዙር። ቴስተሩ 4.3 ኪሎ ኦም አነበበ። ከሒሳቡ ጋር ይገጥማል፦ የአንድ ዙር አማካይ ርዝመት 11 ሴንቲሜትር ቢሆን ሽቦው 800 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ ይህ ሽቦ ደግሞ በሜትር ወደ 5.4 ኦም አለው። የኦሙን ቁጥር የድምፅ ጉልበት መለኪያ አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው። እኔ የማየው ሽቦው አለመበጠሱን ለማወቅ ነው። ቀጭን ሽቦ ዙር ሳይጨምር ኦም ይጨምራል።

ኅዳር 12

ይህን ቀን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ ሥራው ሁሉ የቆመበት ነገር ነውና።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ማግኔቱ የክሩን ድምፅ ይሰማል» ተብሎ ነው። ይህን ልፈትን ፈለግኩ። ማግኔቶቹን አልገጠምኩም፤ ብሎኖቹንም ነቀልኩ፣ ብረት የቀድሞ ማግኔትነቱን ሊያስቀር ይችላልና። ከክሮቹ ሥር የቀረው ባዶ ኮይል ብቻ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝቼ ክሩን መታሁ። ከኤሌክትሪኩ ጉምጉምታ በቀር ምንም የለም። ክሩ በኮይሉ አፍ ላይ እየተወዛወዘ ኮይሉ አያውቀውም።

ቀጥዬ የቁም ሣጥኑን ጡብ አንሥቼ ከኮይሉ በላይ ያለውን የክሩን ክፍል ብቻ በአንድ አቅጣጫ ደጋግሜ ዳሰስኩት። ጡቡን ወደ ሌላ ክፍል ወሰድኩ። አሁንም ማግኔት የለም፣ ብሎን የለም። ክሩን መታሁ። ድምፅ አለ! የደከመ፣ ግን ጥርት ያለ፤ ከአምስቱ ያልተዳሰሱ ክሮች ደግሞ ምንም።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድምፅ የሚሰጠው ማግኔት የሆነው ክር ነው። የፒክአፑ ማግኔት ሥራ ከላዩ ያለውን የክሩን ቁራጭ ዘወትር ማግኔት አድርጎ ማቆየት ነው። ማግኔት የሆነው ክር ሲወዛወዝ በኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፍሰት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው ፍሰቱ ሲለዋወጥ ብቻ ሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይወለዳል። የቆመ ማግኔት፣ የቱን ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ ምንም አይሰጥም። ቮልቴጁ በለውጡ ፍጥነትና በዙሩ ብዛት ይወሰናል፤ ሰባት ሺህ ዙር ያስፈለገውም የክሩ ለውጥ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ወፍራም የብረት ክር የበለጠ ማግኔት ስለሚሆን የበለጠ ይጮኻል። ክሩ ከብሎኑ አናት ወደ ጎን ከወጣ ደግሞ ማግኔትነቱ ይደክማል፣ ድምፁም አብሮ።

ኅዳር 15

ማግኔቶቹን ገጠምኩ። ከማጠንጠኛው ሥር ብሎኖቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ ያለው ጠባብ የብረት ሰሌዳ አለ። በግራና በቀኙ የፌራይት ጡቦች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ሰሜን ዋልታቸውን ወደ ብረቱ አዙረው። በዚህ አኳኋን የብሎኖቹ አናት በሙሉ ሰሜን ይሆናል። ጎን ለጎን የተደረደሩት ጡቦች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ብረቱ ላይ ራሳቸው ይጣበቃሉ፣ ወደ ጎን ግን ይሸሻሉ። ማጣበቂያው እስኪደርቅ በሁለት እንጨት መካከል ጠፍሬ አሳደርኳቸው። ዋልታውን የምለየው በኮምፓስ ነው፤ የመርፌው ደቡብ ጫፍ ወደ እርሱ የሚዞርለት ሰሜን ነው።

ለምን ከሞተ ሃርድ ዲስክ የወጣውን ኒዮዲሚየም አልተጠቀምኩም? እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ። የበለጠ ኃይል የበለጠ ጥሩ ድምፅ ማለት አይደለም፤ ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

ኅዳር 19

ሰም። ያልተነከረ ኮይል ውስጥ ሽቦዎቹ ራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ድምፅ ሲጮህ ፒክአፑ ያፏጫል። ከዚህ ልንሸሽ አልነበረም ሥራውን የጀመርነው? ከሰኞ ገበያ ንጹሕ የንብ ሰም ገዛሁ። አንድ እጅ የንብ ሰም፣ አራት እጅ የሻማ ሰም። በሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጬ ወደ 65 ዲግሪ ያዝኩት፤ እሳቱ ላይ በቀጥታ አይጣድም፣ ሰም ይቀጣጠላል። ኮይሉን ስነክረው አረፋ ሽቅብ ይወጣል። አረፋው ሲቆም ወጣ። ክፍሉ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሸተተ። ፌራይት ለዚህ ሙቀት ደንታ የለውም፤ ተራው ኒዮዲሚየም ግን ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ኃይሉን ማጣት ይጀምራል።

ኅዳር 22

ክራሩ ላይ ተገጠመ። ብሎኖቹን ሁሉ እኩል አድርጌ፣ ከክሮቹ 2 ሚሊሜትር ዝቅ ብለው፣ ትዝታ ላይ ተቃኝቶ ስድስቱንም በእኩል ጉልበት መትቼ ኮምፒውተር ላይ ቀዳሁ። የ0.43ቷ ልሙጥ ክር ከቀጭኗ በ6 ዴሲቤል ትበልጣለች፤ ቮልቴጁ እጥፍ ነው ማለት ነው። የተጠመጠመባት ወፍራሟ ክር ግን ከእርሷ ታንሳለች። ይህ ጊታር ሠሪዎች ከጥንት የሚያውቁት ነው፤ ጥምጥም ክር ውስጥ ያለው ዋና ብረት ከሚታየው ውፍረት እጅግ ይቀጥናል።

ባለ ክራሩ መጥተው ግርፍ መቱበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣታቸውን የ0.43ቷ ክር ላይ አሳርፈው «ይቺ ሁሉንም ትሸፍናለች» አሉ። ኮምፒውተሩ ያሳየኝን ጆሯቸው ነገራቸው። በግርፍ ጊዜ ክሮቹ በአንድነት ስለሚመቱ አንዷ ከበዛች ዜማው ወደ እርሷ ያዘነብላል።

ኅዳር 24

የብሎን ማስተካከያ። የምትጮኸዋን ዝቅ፣ የደከመችውን ከፍ። ወደ ክሩ መቅረብ ግን ወሰን አለው። ለሙከራ አንዱን ብሎን ከክሩ ሥር አንድ ሚሊሜትር እስኪቀረው አወጣሁት። ድምፁ ጨመረ፤ ሲረዝም ግን ይዋዥቃል። ብሎኑ ክሩን ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ክሩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝ ያለው ድምፅ ወደ ጎን ሲወዛወዝ ካለው በጥቂቱ ይወርዳል፤ ሁለቱ በአንድ ክር ላይ ይጋጫሉ። ድምፁም ቶሎ ይሞታል። አምባሰል ላይ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ድምፅ ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ እዚያ ቦታ የሚዋዥቅ ክር ጆሮ ይቆረቁራል። ኒዮዲሚየምን የተውኩት ለዚህ ነው።

ባለ ክራሩ ሲዋዥቅ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩና «አብሽር፣ መልሰው» አሉኝ። መለስኩት።

የረጋው ልክ፦ የ0.43ቷ ክር 4 ሚሊሜትር፣ ቀጭኗ 2፣ ጥምጥሟ 2.5፣ ሌሎቹ በ2.5 እና በ3.5 መካከል። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ሲቀየር ብሎን መንካት አላስፈለገም። ቅኝት ሲለወጥ የክሩ ውጥረት እንጂ ውፍረቱ አይለወጥም፤ የተስተካከለው ደግሞ ክሩ እንጂ ድምፁ አይደለም።

ኅዳር 27

የገመድ ርዝመት። አንድ ሜትር ገመድ ወደ 100 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማከማቸት አቅም) አለው። ኮይሉ ከገመዱ ጋር ተዳምሮ አንድ የድምፅ ክልል ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ይቆርጣል። የብረት ብሎን ከአልኒኮ ዘንግ ይልቅ የኮይሉን ኢንዳክታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥን የመቃወም ጠባይ) ስለሚያሳድግ ያ ክልል ወደ ታች ይወርዳል፤ የብሎን ፒክአፕ ከዘንጉ ይልቅ ደልደል ያለ ድምፅ የሚሰጠው በከፊል ለዚህ ነው። በ3 ሜትር ገመድ ክራሩ ጥርት ይላል፤ በ10 ሜትር ይደበዝዛል። ለመድረክ 5 ሜትር ይበቃል።

ታኅሣሥ 1

አዳራሽ ውስጥ ተሞከረ። ማፏጨቱ የለም፤ ድምፁን የድሮው መቀበያ ከሚቋቋመው እጅግ በላይ ከፍ አድርገነዋል። የቀረው የመብራቱ ጉምጉምታ ነው፤ 50 ኸርዝና እጥፎቹ፣ በተለይ ዘንግ መብራት ሲበራ። ከክሮቹ የታች ማሰሪያ ቀጭን ሽቦ ወደ መሬት መስመሩ በሊድ በይጄ አገናኘሁ፤ ባለ ክራሩ ክሩን ሲነኩ ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የጊብሰኑ ሴዝ ላቨር በ1955 ባመለከተው የፈጠራ መብት እንዳደረገው ሁለት ኮይል፣ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙ፣ ማግኔታቸውም ተቃራኒ። ጉምጉምታው ሁለቱንም ኮይሎች በአንድነት ስለሚመታ ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን በአቅጣጫም በዋልታም ስለተገለበጠ ተደምሮ ይወጣል። ለሁለተኛው 7,000 ዙር የሚበቃ ሽቦ ተርፏል። ፎርማይካው በአዲሱ ቦታ በክሮቹ ልክ ተበስቷል፤ ወደ ቀንበሩ ስለቀረበ ርቀቱ ትንሽ ሰፍቷል። ጡቦቹን በዚህኛው ደቡብ ዋልታቸውን ወደ ብረቱ አዙሬ አጣብቄያቸዋለሁ፣ ማጣበቂያው እየደረቀ ነው።